ዝም ብለን ያየነው ጢስ

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ጢስ ታየ ተብሎ ጫካው ጫፍ ላይ ስንሰባሰብ፣ ከመጥረቢያውና ከአካፋው በፊት የምጠይቀው ነገር አለ። «ቁርስ የበላ ማነው?» እላለሁ። ቀጥዬ «ውሃ ከጠጣችሁ ስንት ሰዓት ሆናችሁ?»፤ ከዚያ «ሌሊቱን ዘብ ያደረ አለ?»። አዲስ የመጡት ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፤ «እትዬ፣ ደኑ እያለቀ እኮ ነው!» ይላል። እያለቀ እንደሆነ አያለሁ። መልሳቸውን ሳልሰማ ግን አንድም ሰው ወደ እሳት አላስገባም።

ይህን መጠየቅ የጀመርኩት ከ2008 ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ ነው። የዐቢይ ጾም የቅድስት ሳምንት ነበር፤ ቦታው ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ተዳፋት። አሥራ አንድ ሆነን ገባን፣ አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ያወጣን ግን የእኛ ብልሃት አልነበረም። ያንን ቀን ስንት ጊዜ በልቤ እንደተመላለስኩበት እግዜር ያውቃል፤ ዛሬ ልጻፈው።

ወንዶ ገነት ደን ተምሬ በዲፕሎማ ተመርቄአለሁ። ሥራ የጀመርኩት ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ኋላ ወደ ጥበቃ ተዛወርኩ። ጫካውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። የእንጦጦ ባህር ዛፍ ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ማገዶ አለቀ፤ አፄ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። ውለታው ብዙ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ቅርፊቱ እንደ ረጅም ጨርቅ እየተላጠ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል። እሳት ሲይዘው ያ ቅርፊት እየነደደ በንፋስ ይነሣና ርቆ ከፊት ይወድቃል፤ እዚያ ሌላ እሳት ይለኩሳል። ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቆጠው ደግሞ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሰው ካላጎነበሰ አያልፍበትም።

የረገፈውን ቅጠል በየቀኑ ጠርገው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርዱ እናቶች አሉ። እንጀራ የሚጋገርበት ቅጠል ነው። ተማሪ ሳለሁ ቅጠሉ ሲወሰድ አፈሩ ይራቆታል፣ ጎርፍ ይበላዋል ተብዬ ተምሬአለሁ። እውነት ነው። እነሱ ጠርገውት የሄዱት መሬት ላይ ግን እሳት የሚበላው አያገኝም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ቆሜበት ነው ያወቅሁት።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከታች ከወንዙ ዳር ጢስ ተነሣ። ከሰል አክሳይ ነው ተባለ፤ ማር ቆራጭ ነው ተባለ፤ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኡኡታ ተሰማ፣ የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጣ። የአገራችን ደግነት እዚህ ላይ ነው፤ እሳት ሲነሣ ማን ይሂድ ተብሎ አይመከርም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሌላው ሰው ለምሳሌ ያህል ይናገረዋል፤ እኛ ግን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ዘንጥፈን ይዘን ነው የምንገባው። ማን እንደገባ የሚቆጥር ግን አልነበረም። አሥራ አንድ መሆናችንን ያወቅሁት ከወጣን በኋላ ነው።

የሚመሩን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው። ሠላሳ ዓመት በዚያ ጫካ ኖረዋል፤ የትኛው ክፍል በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተተከለ፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ሳያዩ ይነግሯችኋል። ሁለቱ የጥበቃ ባልደረቦቼ ሌሊቱን ዘብ አድረው ስላልተኙ ዓይናቸው ቀልቷል። የቀሩት የቀን ሠራተኞችና የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ትንሹ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአንድ ሙስሊም ልጅ በቀር ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አንቀምስም። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሳቱ ስንደርስ ትንሽ ነበር፤ ከጉልበት አይበልጥም። ጋሼ ከላይ እየወረድን፣ እሳቱ የሚበላው እንዳያገኝ በስተቀኙ በኩል መስመር እንጥረግ አሉ። በእኛና በእሳቱ መካከል ያ ከጉቶ ያቆጠቆጠው ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ አለ። ጥብቅ ቦታ ነው ተብሎ ቅጠል ጠራጊ እንዳይገባበት ከተከለከለ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ደረቁ ቅጠል እግር ይውጣል። እሳቱ ከታች፣ እኛ ከላይ፣ መካከላችን ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ማገዶ። አሁን ስጽፈው እጄ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ግን ሥራ ላይ ነበርን፤ መጥረጊያው ይጠርጋል፣ ዶማው ይቆፍራል፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

8 ሰዓት ገደማ ቀና አልኩ። ጢሱ እስከዚያ ድረስ ወደ ግራችን ተጋድሞ ይሄድ ነበር። ቀስ እያለ ቀና አለ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆየና አናቱ ወደ እኛ አዘነበለ።

ፀሐይ ያሞቀችው ተዳፋት ከቀትር በኋላ ንፋስን ወደ ላይ እንደሚስብ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። እሳት ዳገት ሲወጣ የመሬቱ ዝንባሌ በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ እንደሚሆንም አውቃለሁ። ዕውቀት አልጎደለኝም። ዘወር ስል ትንሹ ልጅም ጢሱን እያየ ነው። ጋሼን አየ። እኔን አየ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ አጎነበሰና መጥረጉን ቀጠለ።

እኔም አጎነበስኩ።

በልቤ ያለው ይህ ነበር፦ ጋሼ እያሉ እኔ ማን ሆኜ ነው ውጡ የምለው? ደግሞም «ሴት ናት፣ ፈራች» ይሉኛል። ነገ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። ብሳሳትስ? ንፋሱ ቢመለስ፣ እኛ በወጣንበት ጊዜ እሳቱ ቢያመልጥ፣ ጥፋቱ የማን ሊባል ነው? ይህን ሁሉ ያሰብኩት መጥረጊያው ሁለት ጊዜ እስኪመላለስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰው ነፍሱን ከመፍራት በፊት ሰው ምን ይለኛል የሚለውን መፍራቱ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ከጉብታው ላይ የሴት ድምፅ መጣ፤ «በኣ! ውጡ! ልጆቼ ውጡ!»። በኦሮምኛም በአማርኛም ነው የጮኹት። ቅጠል ተሸክመው የሚያልፉ እናት ናቸው። ሸክማቸውን መሬት ጥለው በነጠላቸው ወደ ጎን፣ ወደ መጡበት ያመለክቱናል። እኛ ያላየነውን ከላይ ሆነው አይተውታል፤ እሳቱ ጥቅጥቁ ውስጥ ገብቷል። ከነበልባሉ በፊት የደረሰን ድምፁ ነው፤ የተጫነ ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ እንደሚያጉረመርመው ዓይነት።

ሮጥን። ወደ ላይ ሮጠን ቢሆን ይቀድመን ነበር። የሮጥነው ወደ ጎን፣ እናቶቹ ጠርገው ወዳራቆቱት መሬት ነው። ከሮጥነው መካከል አንዱ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ መርጫ በጀርባው አዝሏል። «ጣለው! ጣለው!» ብለን ጮኽን። አልጣለም። ከሁላችንም ኋላ ቀረ፤ ወላፈኑ አንገቱንና ክንዱን ገረፈው። የለበሰው ናይለን ጃኬት ቀልጦ ቆዳው ላይ ተጣበቀ። እኔ ከላዬ የጥጥ ጋቢ ነበረኝ፤ ጫፉ ጠቆረ እንጂ አልቀለጠም። ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ልጠይቀው ሄጄ ለምን አልጣልከውም ስለው፣ «ሞዴል 22 ላይ ፈርሜ ነው እኮ የወሰድኩት» አለኝ። መርጫው ጀርባው ላይ እንዳለ በሕይወቱና በፊርማው መካከል ሲመርጥ ነበር ማለት ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ የተቃጠሉትን ሁለት መጥረቢያዎች መሥሪያ ቤታችን ከፈረሙት ልጆች ክፍያ ላይ ቆረጠ። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ እናቱ ቡና አፍልተው ጠሩን። ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ የጾም ዳቦ ተቆርሶ፣ ቆሎ ቀርቦ ተቀምጠናል። ወሬው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ጢሱ ሲዞር አይቼ ነበር» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ዘብ ያደረው ባልደረባዬ «እኔም አይቻለሁ» አለ። ሌላው «እኔም» አለ። እኔም ተናገርኩ፤ ፊቴ እየጋለ። አንድ በአንድ ስንቆጥር ሰባት ሆንን። በመጨረሻ ጋሼ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። «እኔም አይቻለሁ» አሉ። «እናንተ ዝም ብላችሁ ስትሠሩ አየኋችሁ። ልጆቹ ሳይፈሩ እኔ አርጅቼ ፈራሁ ልበል? አፈርኩ።»

እኔ እሳቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። እሳቸው እኛን አፍረው ዝም አሉ። ትንሹ ልጅ እኔን አይቶ፣ የተማረችዋ ዝም ካለች ምንም የለም ማለት ነው ብሎ ዝም አለ። ስምንት ሰው አደጋውን አይቶ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያየ መስሎት፣ እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ማረጋገጫ ቆጠረው። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ በሰርግም በለቅሶም ጥሩ ነው። እሳት ላይ ግን ሰውን ከነበልባል ይልቅ የሚያስረው እሱ ነው።

በአደጋው ሪፖርት ላይ መንስኤው «የንፋሱ አቅጣጫ በድንገት በመለወጡ» ተብሎ ተጻፈ። «በድንገት»። ስምንት ሰው ቆሞ ያየውን። እኔም ፈረምኩበት። ከቡናው በኋላ ነው የፈረምኩት፤ እውነቱን አውቄ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቅ እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። የአሜሪካ ሰደድ እሳት አጥፊዎች እ.ኤ.አ. በ1957 አሥር መደበኛ ትእዛዞች ወጥተውላቸዋል፤ ኋላም አሥራ ስምንት የማስጠንቀቂያ ሁኔታዎች ተጨመሩ። ከአሥራ ስምንቱ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ እሳቱ አቅጣጫ መስመር መጥረግ ነው። ሌላው በአንተና በእሳቱ መካከል ያልነደደ ማገዶ መኖሩ ነው። ሌላው ንፋሱ መበርታት ወይም አቅጣጫ መለወጥ መጀመሩ ነው። ሳነበው ያቺን ዓርብ ያነበብኩ መሰለኝ።

ትእዛዞቹ ሰውን ከሞት አላዳኑትም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኮሎራዶ ውስጥ ስቶርም ኪንግ በሚባል ተራራ ላይ 14 እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ሥልጡን ነበሩ፤ ትእዛዞቹን ያውቋቸዋል። እንደ እኛ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደ ታች መስመር እየጠረጉ ሳለ ንፋሱ በረታና እሳቱ ከበታቻቸው ተነሣ። አንዳንዶቹ አሠራሩ ከመጀመሪያው አላማራቸውም ነበር፤ ሥራው ግን ቀጠለ። መሣሪያቸውን ሳይጥሉ የሞቱ ነበሩ። ከተረፉት አንዱ በሩጫ ላይ ሳለ መጋዙን የማይቃጠልበት ቦታ ሲፈልግ እንደነበር ተናግሯል። ይህን ሳነብ መርጫ ያዘለው ልጃችን ትዝ አለኝ፤ ስልኬን ዘጋሁ፤ ለሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ሞዴል 22 በሌለበት አገርም ሰው ዕቃውን አይጥልም። ዕቃው በእጁ ሳለ ሠራተኛ ነው፤ ሲጥለው የሚሸሽ ሰው ይሆናል። ያንን መሆን ነው የሚከብደው።

ከዚያ አደጋ መርማሪዎች አንዱ ቴድ ፑትናም ይባላል። ቀድሞ ራሱ ከአውሮፕላን በጃንጥላ (ፓራሹት) እየዘለለ እሳት ያጠፋ የነበረ፣ ኋላ ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ነው። የምርመራው ሪፖርት የሰዎቹን አስተሳሰብና ውሳኔ በሚገባ አልመረመረም ብሎ አልፈርምም አለ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሚዙላ በምትባል ከተማ የእሳት ባለሙያዎችንና የሥነ ልቦና ሰዎችን ያሰባሰበ ስብሰባ ተደረገ፤ ጥያቄው እሳቱ እንዴት ነደደ ከሚለው ወደ ሰዎቹ ምን አዩ፣ ምን አሰቡ፣ ለምን ቆዩ ወደሚለው ዞረ። እሱ አልፈረመም። እኔ ፈርሜአለሁ። ይህን ጽሑፍ ከምጽፍበት ምክንያት አንዱ ያ ፊርማ ነው።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሞንታና ውስጥ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ 16 ሰዎች ከእሳት ሲሸሹ መሪያቸው ዋግነር ዶጅ ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለ። ከተቃጠለው ላይ ተኝቶ እሳቱ እንዲያልፈው ነበር ሐሳቡ። ወደ አመዱ ግቡ ብሎ ተጣራ። የተከተለው የለም። 13ቱ ሞቱ፤ እሱ ተረፈ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ድንጋዩ መካከል ሾልከው ተረፉ። ካርል ዋይክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፣ ሰዎቹ ከመሪያቸው ጋር እምብዛም አለመተዋወቃቸውን አንስቷል። የማታውቁት ሰው እሳት መሐል ቆሞ እሳት ሲለኩስ ብታዩ ትከተሉታላችሁ? እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ ነው፤ እንተዋወቃለን፣ ከመተዋወቅም አልፈን እንከባበራለን፤ መከባበራችን ውስጥ ግን «ጋሼ፣ ጢሱ ዞረ» የምትል አጭር ቃል የምታልፍበት በር አልነበረም።

ሌላም ያስደነቀኝ ነገር አለ። ፖል ግሊሰን የተባለ የእሳት አጥፊዎች አለቃ እ.ኤ.አ. በ1991 ያን ሁሉ ትእዛዝ ወደ አራት ቃል አሳጠረው። እኔ በእኛ ቋንቋ ቃፊር፣ መገናኛ፣ ማምለጫ፣ መጠጊያ ብዬዋለሁ። ቃፊር ማለት ራቅ ብሎ ቆሞ እሳቱን የሚከታተል ጠባቂ ነው። በዚያ ቀን ቃፊር አላቆምንም፤ ቃፊራችን ሳንጠራቸው የመጡት እናት ናቸው። መገናኛችን የእሳቸው ጉሮሮ ነበር። ማምለጫ አልተነጋገርንም። መጠጊያ የሆነን፣ ተዉ አትጥረጉ እያልን ስናባርራቸው የኖርናቸው ሴቶች የጠረጉት መሬት ነው። ዛሬ ጥብቅ ቦታዎቹ ዳር ዳር ላይ ቅጠል እንዲጠርጉ እኔው ራሴ እለምናቸዋለሁ። እኚያ እናት የስልኬ መዝገብ ውስጥ ከሁሉም በላይ ናቸው፤ ጢስ ካዩ ሚስኮል ያደርጉልኛል።

ወደ ጾሙ ልመለስ፤ በየዓመቱ የሚከብደኝ እሱ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ነው፤ በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ከጢሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ ራስ ያማል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ሰውዬው ግን መዘግየቱን አያውቀውም። በዚያ ላይ ውሃ ሳይጠጡ ማላብ። በዚያ ላይ ያልተኛ ዓይን። የእኛ የቃጠሎ ወር ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሮመዳንም አብሮ እየገባ ነው። ጾም ፈቱ ብዬ የማዝዝ ሰው አይደለሁም፤ እኔም እጾማለሁ። የንስሐ አባቴን ጠይቄ፣ ነፍስ ለማዳን የሚገባ ሰው ውሃ ቢጠጣ እግዚአብሔር አይቀየምም ብለውኛል። ሁሉም ግን ልቡ አይቀበለውም፤ ማስገደድም አይገባም። ስለዚህ የሥራ ድልድሉን ለወጥኩ። የጾመ ሰው ከጉብታው ላይ ቃፊር ይሆናል፣ ስልክ ይይዛል፣ መንገድ ያሳያል። እሳቱ አጠገብ የሚቆመው የበላና የጠጣ ነው፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። መጀመሪያ ላይ የጾመው ወደ ኋላ መቅረቱን እንደ ውርደት ያየው ነበር። አሁን ቃፊርነት ክብር ሆኗል፤ ዓይኑ ላይ የሁላችንም ነፍስ እንዳለች ደጋግሜ ስለምናገር ይመስለኛል።

የልብስ ነገር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ የለንም። ናይለን የለበሰ ያወልቃል፤ የኮንጎ ጫማ ያደረገ አይገባም፤ ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ ሲባል አገሩ ሁሉ ስለ ሄሊኮፕተሩ ያወራ ነበር። እኔ ገደሉ ላይ ቅርንጫፍ ይዘው ስለሚወጡት ሰዎች እግር ነበር የማስበው።

ለመጥረቢያው ጉዳይ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼአለሁ። አሁን እሳት ላይ የተጣለ መሣሪያ በቃለ ጉባኤ ከንብረት መዝገብ ይሰረዛል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከመግባታችን በፊት ለሁሉም አሳያለሁ። የዘለልኩበት አንድም ቀን የለም።

ሲገቡ መታወቂያቸውን እሰበስባለሁ። መታወቂያ የሌለው ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ እይዝለታለሁ። ሲወጡ አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት መታወቂያ ብትቀር አንድ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉንም አቁሜ ከትንሹ እጀምራለሁ። «ምን ታያለህ?» እለዋለሁ። ትንሹ ከተናገረ በኋላ ወደ ላይ እንሄዳለን፤ ትልቁ ሰው መጨረሻ ላይ ይናገራል። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ሁሉ «ልክ ነው ጋሼ» ብቻ ስለሚሆን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌዎቹ ተቀይመውኝ ነበር። አስታራቂዬ ጋሼ ራሳቸው ሆኑ፤ ጡረታ ወጥተው ሳለ ጫካው ድረስ መጥተው፣ ያቺን የቡና ዕለት የተናገሯትን በሰው ሁሉ ፊት ደገሟት። እንደሳቸው ያለ ሰው «አፈርኩ» ብሎ በአደባባይ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ሕግ ደግሞ አለን። ማንም ሰው «ውጡ» ካለ እንወጣለን። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ ማን ነው ያለው አይባልም፤ የምንጠያየቀው መጠጊያው ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

ባለፈው በጋ ይህ ሕግ ተፈተነ። ሰባት ሆነን እየጠረግን ሳለ፣ ገና ሁለተኛ ጊዜው የሆነ ልጅ «ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ወጣን። ጥቁሩ ላይ፣ ቀድሞ ነድዶ ያለቀው መሬት ላይ ቆመን አየን። ንፋሱ አልዞረም። አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ነድዶ ሲወድቅ ፍንጣሪው ተነሥቶ ኖሮ፣ ልጁ ከበታቻችን እሳት የተነሣ መስሎታል። እኛ ቆመን በጠበቅንበት ጊዜ እሳቱ መስመራችንን አለፈ፤ ያን ቀን ያጠፋነው ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ እስከ ማታ 2 ሰዓት ስንታገል አመሸን። ማንም አልተቆጣውም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ፊቶችን ግን አያለሁ። ደክመዋል፣ ተናደዋል፤ ልጁም ያውቀዋል። መታወቂያ ስመልስ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ግን አላነሣም። በሰው ፊት አመሰገንኩት። አልሰማኝም መሰለኝ።

በጨለማው ወደ መንገዱ ስንወጣ ከኋላ ቀርቶ መጥረጊያ ሬኩን ትከሻው ላይ አድርጎ ብቻውን ይሄድ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ቆም ብለው ጠበቁት፣ ምንም ሳይናገሩ ሬኩን ከትከሻው ወስደው በራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት። ልጁ ደነገጠ፤ «ኧረ አባባ፣ ነውር ነው!» እያለ ሊቀበላቸው ሞከረ። አልሰጡትም። አስፋልቱ ድረስ እሳቸው ናቸው የተሸከሙት።